ካቴጎሪው ስንት ነው? ስለ ቤትዎ ብዙም አይነግርዎትም

ሀሪኬን፣ ማለትም ከባህር የሚነሳው ኃይለኛ አውሎ ነፋስ፣ ወደ ቴክሳስ ወይም ወደ ፍሎሪዳ ሲያመራ የሁሉም ሰው ጥያቄ አንድ ነው፤ ካቴጎሪው (ደረጃው) ስንት ነው? ሁለት ከተባለ "ኤጭ፣ ይሄማ ቀላል ነው" ይባላል። በዚህ ቁጥር ተማምኖ የቤት ኢንሹራንስ የሚመርጥ ሰው ግን ራሱን እየሸወደ ነው ባይ ነኝ።

ቁጥሩ የሚለካው ንፋስን ብቻ ነዋ። መሐንዲሱ ኸርበርት ሳፈርና የአየር ትንበያ ባለሙያው ሮበርት ሲምፕሰን በ1970ዎቹ መጀመሪያ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) ያወጡት መለኪያ በሰዓት 119 ኪሎ ሜትር ላይ ከ1 ይጀምርና 252 ሲደርስ 5 ይሆናል። ንፋሱ ከባህር እየገፋ የሚያመጣው ውሃም ድሮ አብሮ ይጠቀስ ነበር፤ በ2010 ግን ከመለኪያው ወጣ።

አይክ የተባለውን ሀሪኬን እንውሰድ። በ2008 የቴክሳሷ የባህር ዳርቻ ከተማ ጋልቨስተን ሲገባ ካቴጎሪ 2 ነበር። ከጎኗ ባለው የቦሊቫር ልሳነ ምድር ላይ ግን ውሃው ከተለመደው የባህር ከፍታ ከ4 ሜትር ተኩል እስከ 6 ሜትር ወጣ፤ የብዙ ቤት ቋሚዎች ብቻ ቀሩ። ንትርኩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ቤቱን የወሰደው ንፋሱ ነው ወይስ ውሃው? በቴክሳስ ዳርቻ መደበኛው የቤት ኢንሹራንስ ብዙውን ጊዜ ንፋስን አይጨምርም፤ ለብቻው ይገዛል፣ የግል ድርጅቶች እምቢ ካሉም የቴክሳስ የንፋስ ኢንሹራንስ ማኅበር አለ። ጎርፉ ደግሞ ሌላ ውል ነው፣ በፌዴራሉ መንግሥት የጎርፍ ኢንሹራንስ ፕሮግራም በኩል ለመኖሪያ ቤቱ ቢበዛ 250,000 ዶላር። እንግዲህ ባዶ መሠረት ላይ ቆማችሁ የትኛው ቀድሞ እንደመታው አስረዱ! ከ2005ቱ ሀሪኬን ካትሪና በኋላም ሚሲሲፒ ውስጥ ሰዎች በዚሁ ጉዳይ ፍርድ ቤት ተመላልሰዋል።

ለእኔ ንፋስና ውሃ በአንድ ውል መሸጥ አለባቸው። ይወደዳል ትሉኛላችሁ፤ አዎ ይወደዳል። ግን የባህር ዳርቻ ቤት እውነተኛ ዋጋው እሱ ነው፤ አሁን ያለው አሠራር ዋጋውን ደብቆ ክርክሩን ቤቱ ለፈረሰበት ሰው ይተዋል።

ዲዳክቲብሉንም፣ ኢንሹራንሱ ከመክፈሉ በፊት ራሳችሁ የምትሸፍኑትን፣ እዩት። ለሀሪኬን ብዙ ጊዜ በፐርሰንት ነው፤ በ400,000 ዶላር መድን የተገባለት ቤት 2 ፐርሰንት ሲባል የመጀመሪያው 8,000 ዶላር ከኪሳችሁ ነው ማለት ነው። ወኪሉ ይሄን ቶሎ አይነግራችሁም።

ሂዩስተን ያላችሁ ወገኖች "እኛ ከባህሩ ሩቅ ነን" እንዳትሉ። ሀሪኬን ሃርቪ በ2017 በቴክሳስ ዳርቻ ሮክፖርት ላይ ካቴጎሪ 4 ሆኖ ገባ፤ ሂዩስተንን ያሰጠማት ግን ዝናቡ ነው፣ ያኔ ንፋሱ ከሀሪኬን ደረጃ ወርዶ ነበር። ከተጎዱት ቤቶች አብዛኞቹ የጎርፍ ኢንሹራንስ አልነበራቸውም። ደግሞ ዜናውን ሰምቶ መሯሯጥ አይሠራም፤ ሀሪኬን የሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ከገባ የቴክሳሱ የንፋስ ኢንሹራንስ ማኅበር አዲስ የንፋስ ውል አይቀበልም፣ የጎርፉም ውል አዲስ ሞርጌጅ ስትፈርሙ ካልሆነ በቀር አብዛኛውን ጊዜ 30 ቀን ያስጠብቃል። የሀሪኬን ወቅት ጁን 1 ይጀምራል፤ ወኪላችሁ ጋ ኤፕሪል ላይ ደውሉ።