ማልቀስ እምነት ማጣት አይደለም

ጸሐፊው በመከራ ጊዜ ለእግዚአብሔር ታምኖ ስለ መኖር ያቀረቡትን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ፤ ሆኖም እውነተኛ አማኝ በሐዘኑ አያጉረመርምም በማለታቸው አልስማማም። ለአብነት የጠቀሱት ኢዮብ በምዕራፍ 1 «እግዚአብሔር ሰጠ፥ እግዚአብሔርም ነሣ» ያለ ሰው ቢሆንም፣ በምዕራፍ 3 የተወለደባትን ቀን ረግሟል፤ ከዚያም በኋላ ከፈጣሪው ጋር ለብዙ ምዕራፎች ተሟግቷል። እግዚአብሔር ኢዮብን ቢገሥጸውም፣ በምዕራፍ 42 ቁጣው የነደደው መከራህ የኃጢአትህ ዋጋ ነው እያሉ ሲከራከሩት በነበሩት ወዳጆቹ ላይ ነው። እነዚሁ ወዳጆች አስቀድመው 7 ቀንና 7 ሌሊት ምንም ሳይናገሩ አብረውት መሬት ላይ መቀመጣቸው፣ በእኔ እምነት፣ ካደረጉት ሁሉ የተሻለው ነበር።

በምኖርበት በየካ አባዶ እድርተኛው ድንኳን ተክሎ ከሐዘንተኛ ጋር ሲያመሽ ይህንኑ መልካም ነገር አያለሁ። እጅግ የሚያሳዝነኝ ግን ልጇን የቀበረች እናት በዚያው ድንኳን ውስጥ «አታልቅሺ፣ እግዚአብሔርን ታስቀይሚያለሽ» መባሏ ነው። እርሷ እኮ እያለቀሰችም ማለዳ ተነሥታ ኪዳን ታስደርሳለች፤ የምትጮኸውም ወደ እርሱ ነው። ጸሐፊው ስለ ኢዮብ ዳግመኛ ሲጽፉ ምዕራፍ 3ን እንዳያልፉት በአክብሮት እጠይቃለሁ።