ይድረስ ለከተማችን ነፃ ዋይፋይ፣ ካለህበት

ጉዳዩ፦ ስለ ማክሰኞው

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ ከአንተ ናፍቆት በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ።

ይህን ደብዳቤ የምልክልህ በራሴ ብር በገዛሁት የ24 ሰዓት ፓኬጅ ነው። ቅር እንዳይልህ። ሪባንህ የተቆረጠ ቀን እኔም አደባባዩ ላይ ነበርኩ። አጨብጭቤያለሁ። ደረቱ ላይ «ስማርት ከተማ» የሚል ቲሸርትም ደርሶኛል። አሁን ባለቤቴ መስኮት ትወለውልበታለች። ጨርቁ ጥሩ ነው፣ ውሃ ይመጥጣል።

ወደ ማክሰኞ ልመለስ።

ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ልጄን ይዤ ማዘጋጃ ቤት ደረስኩ። የምትገባበት ትምህርት ቤት የልደት ሰርተፍኬት አምጣ ብሎኛል። ጉርድ ፎቶ፣ የቀበሌ ደብዳቤ፣ የእናትም የአባትም መታወቂያ፣ ኮፒው፣ የኮፒው ኮፒ፣ ሁሉም በእጄ ነው። መስኮት 3 ጋ ስደርስ ከፊቴ አንድም ሰው የለም። ይህን ያየ ሰው ስለት ይገባል።

«ወረፋ ይዘዋል?» አለችኝ ልጅቷ፣ ቀና ሳትል።

ዞሬ ኋላዬን አየሁ። እኔና ልጄ ብቻ ነን። «ወረፋው እኮ እኔ ነኝ» አልኳት።

«አይ፣ ወረፋ በኦንላይን ሆኗል። ውጭ ነፃ ዋይፋይ አለ።»

በራሴ ዳታ ሞከርኩ። «ይህ አገልግሎት የሚሰጠው በከተማው ዋይፋይ ብቻ ነው» አለኝ። ስለዚህ ወጥቼ ምሰሶህ ስር ቆምኩ። ስልኬ ላይ ብቅ አልክ፣ ሙሉ ሆነህ፣ አንዲት መስመር ሳትጎድልህ። ስልክ ቁጥሬን ጠየቅከኝ፣ ሰጠሁህ። ለ2 ደቂቃ የሚያገለግል ኮድ እልካለሁ አልክ። 2 ደቂቃው አለቀ። ኮዱ የለም። ድጋሚ ላክ አልኩህ። አሁንም የለም። በአራተኛው ላይ ጫማ የሚጠርገው ሊስትሮ አዘነልኝ።

«ጋሼ፣ እዚያ አይመጣም። አበባው ውስጥ ይግቡ። ድንጋዩ ላይ ይውጡና ስልኩን ወደ ባንኩ ያዙሩት።»

ገባሁ። ወጣሁ። አዞርኩ። መጣህ! በከተማው ውስጥ የአንተን ነገር ጠንቅቆ የሚያውቅ ባለሙያ ያ ልጅ ብቻ ነው። እሱ ደግሞ አበል አይከፈለውም፣ ለልምድ ልውውጥም አልተላከም።

ከዚያ ፎርሙ ተከፈተ። የፋይዳ ቁጥር አልክ። 12ቱን አሃዝ ጻፍኩ፣ ቀይ። ካርዱ ላይ ያለውን 16ቱን ጻፍኩ፣ እሱም ቀይ። በመጨረሻ የትኛውን እንደወደድክልኝ እስካሁን አልገባኝም፣ ብቻ አሳለፍከኝ። ቀጥለህ «ፊትዎን ያሳዩ» አልክ። አሳየሁህ። «ወደ ቀኝ ዞር ይበሉ።» ዞርኩ። «ወደ ግራ።» ዞርኩ። «ዓይንዎን ጨፈን ገለጥ ያድርጉ።» አደረግኩ። «ፈገግ ይበሉ።»

አሁን እስቲ አስበው። የ38 ዓመት ጎልማሳ፣ የልጅ አባት፣ አበባ መደብ ውስጥ ድንጋይ ላይ ቆሟል። አንድ እጁን ወደ ላይ ሰቅሏል። ዓይኑን ጨፈን ገለጥ እያደረገ ለምሰሶ ፈገግ ይላል። ቀኑ የገበያ ቀን ነው። ጀበና ቡና ጋ የተቀመጠው ሁሉ ዱካውን ወደ እኔ አዙሯል። ልጄ እጇን አጣምራ ራቅ ብላ ቆማለች፣ ጨርሶ እንደማታውቀኝ። አንተ ግን አልበቃህም። «በቂ ብርሃን የለም። ደግመው ፈገግ ይበሉ።» ቀትር ሊሆን ምን ቀረው! ደግሜ፣ ጥርሴን ሁሉ አውጥቼ ፈገግ ስል፣ ዘንቢል ያንጠለጠሉ ሴት ቆመው ያዩኛል።

አማቴ ናቸው።

በ11 ዓመት ትዳር አማቴ ፊት ድምፅ አውጥቼ ስቄ አላውቅም። እግሬን አጣምሬ ተቀምጬም አላውቅም። እሳቸው ከላይ እስከ ታች አዩኝ። አማተቡ። ነጠላቸውን ሳብ አድርገው መንገዳቸውን ቀጠሉ። እኔ ቤት ከመድረሴ በፊት ለባለቤቴ ደውለዋል፦ «ልጄ፣ ባልሽ አደባባይ ላይ ብቻውን ይስቃል። ሳይብስበት ጸበል ውሰጂው።» የእሳቸው ስልክ ባለ ቁልፏ ናት። በአንድ ጊዜ ገባላቸው።

እኔ ገና አማቴን በዓይኔ እየሸኘሁ ሳለ ዘበኛው ደረሰ። «አንተ ሰውዬ፣ ከአበባው ውጣ! ማንበብ አትችልም?» እውነቱን ነው፣ ክልክል ነው የሚል ሰሌዳ አለ። ወረድኩ። አንተም አብረኸኝ ወረድክ። «ጊዜዎ አልቋል። እባክዎ ከመጀመሪያው ይጀምሩ።»

ቢሮ ተመልሼ የአይቲውን ልጅ አገኘሁት። ትሁት ነው፣ ወንበር ሰጠኝ። «ዋይፋዩ እኮ ይሰራል» አለኝ፣ «የማይሰራው ኢንተርኔቱ ነው።» አልዋሸም። ለካ አንተ ከምሰሶው እስከ ስልኬ ብቻ ነህ። ስልኬ ላይ ሙሉ ሆነህ የምትታየው ለዚያ ነው። ከምሰሶው ወደ ዓለም የሚወስደው መስመር ሌላ ነው፣ እሱም ለመላው አደባባይ አንድ ቀጭን ክር። ቧንቧ ተክሎ ውሃውን መርሳት ማዘጋጃ ቤታችን የቆየበት ሙያ ነው። የሰፈሬን ቦኖ ጠይቀው።

በነገራችን ላይ ዘመዶችህን አውቃለሁ። በ1997 ዓ.ም. አሥረኛ ክፍል ነበርኩ፣ ፕላዝማ የገባ ጊዜ። የቴሌቪዥኗ አስተማሪ በእንግሊዝኛ ትጋልባለች፣ መምህራችን ከጎን ቆሞ ከእኛ ጋር ያያል፣ መብራት ሲሄድ ሁላችንም እንገላገላለን። ደግሞም «ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» የተባለው የመንግሥት ስትራቴጂ የጸደቀው በ2012 ዓ.ም. ነው። 2025ቱ በፈረንጅ ነበር። የእኛ ከተማ ሰዎች በአበሻ የያዙት ይመስለኛል፣ ስለዚህ ገና አልዘገዩም።

ከአይቲው ክፍል ስወጣ መስኮት 3 ጋ አንዲት እናት ቆመዋል። የባላቸውን የሞት ምስክር ወረቀት ፈልገው ነው፣ ጡረታውን ወደ ራሳቸው ለማዛወር። ከገጠር ቀበሌ በጋሪና በባጃጅ ነው የመጡት። ሦስተኛ ጊዜያቸው ነው።

«እማማ፣ ኦንላይን ነው አልኩዎት። ልጅዎን ይላኩ።»

«ልጄ አረብ አገር ናት።»

«እንግዲያው ጎረቤት ይጠይቁ።»

መዝገቡ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ ነበር። እስክሪብቶው ከላዩ ላይ። አየሁት እኮ! የሟቹን ስም ለመጻፍ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ሴትዮዋ በሁለት እግራቸው መጥተዋል፣ መስኮቱ ፊት ቆመዋል፣ ይናገራሉ። ስልክ ውስጥ ስላልገቡ አልመጡም ይባላሉ? ከዚህ በፊት ቢያንስ ሰልፍ ነበር፣ ቢያንስ ከፊትህ ያለውን ሰው ጀርባ ታያለህ፣ ተራህ እንደሚደርስ ታውቃለህ። አሁን ባዶ ኮሪደር ላይ ያቆሙንና ወረፋ የላችሁም ይሉናል። ስወጣ ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው የነጠላቸውን ጫፍ ፈትተው የመመለሻ ሳንቲም ይቆጥሩ ነበር። ልጄ «አባዬ፣ ለምን አልጻፈችላቸውም?» አለችኝ። ምን ልበላት?

ይቅርታ፣ ድምፄ ከፍ አለ። አንተ ምን ታደርግ፣ ምሰሶ ላይ የተሰቀልክ ሳጥን ነህ።

የምስራች ግን አለኝ። ማክሰኞ ማታ 4 ሰዓት ላይ፣ ከባለቤቴ ጋር ስለ ጸበሉ እየተከራከርን ሳለ፣ ስልኬ ጮኸ። የጠዋቱ ኮድህ ነው። ለ2 ደቂቃ ያገለግላል ይላል። ተከትሎ ሁለተኛው መጣ። ሦስተኛው። አራተኛው። ባለቤቴ «በዚህ ሌሊት ማን ነው እንዲህ የሚናፍቅህ?» አለችኝ። ይህን ደግሞ አንተው መጥተህ አስረዳልኝ።

እኔ እንደገና መምጣቴ አይቀርም። ሰርተፍኬቱን ትምህርት ቤቱ ይጠብቀዋል። ሐሙስ ቢሆንልኝ ደስ ይለኛል። ማክሰኞና ቅዳሜ ገበያ ነው፣ አማቴ በዚያ በኩል ያልፋሉ።

አክባሪህ፣
ከአበባው መደብ፣ ድንጋዩ ላይ

ግልባጭ፦
ለሊስትሮው ልጅ