የምድጃው ጉሮሮ፤ ጋሻው ያድነዋል ወይስ አሸንዳው?

ክርክሩ የተነሣው ከአንድ ጥያቄ ነው። ብላስት ፈርነስ በሚባለው ረጅም የብረት ማቅለጫ ምድጃ ማዕድንና ኮክ (ከድንጋይ ከሰል የሚሠራ ማገዶ) ከላይ በየተራ ሲጎርስ፣ የጉሮሮው ግድግዳ ይመታል፣ ይፋቃል፣ ይሳሳል። ለመጪው የጥገና ማቆሚያ የተያዘው ገንዘብ ለጉሮሮው አዲስና ጠንካራ የብረት ጋሻ ይዋል ወይስ የአጫጫን መቆጣጠሪያውን ለማደስ? አንደኛው ጸሐፊ ዕድሜውን በምድጃ ሽፋንና ጥገና ያሳለፈ ባለሙያ ነው። ሁለተኛዋ ጭነቱን ከመቆጣጠሪያ ክፍል የምትመራ መሐንዲስ ናት።

ጠጋኙ፦

30 ዓመት ግድም በምድጃ ሆድ ውስጥ ተንበርክኬ ሠርቻለሁ። ከላይ የወረደው ድንጋይ የጻፈውን ግድግዳው ላይ አነባለሁ። አንድ ጭነት የሚለካው በአሥሮች ቶን ነው፤ ኮክ፣ ቀጥሎ ሲንተር (ደቃቅ ማዕድን በእሳት ተጣብቆ የሚሠራ ድንጋይ)፣ እንደገና ኮክ፣ ሌትና ቀን ሳይቋረጥ። ምድጃው አንዴ ከተለኮሰ 15 እና 20 ዓመት እንዲሠራ ይጠበቅበታል። ሲንተር ጠርዙ ስለት ነው። ጡብ ደግሞ ሙቀት እንዲችል እንጂ ዱላ እንዲችል አልተሠራም። ጉሮሮው በብረት ሳህን የሚታጠረው ለዚህ ነው።

አንድ ጊዜ ምድጃ ቆሞ ጉሮሮው ውስጥ ስገባ ያየሁት ከዓይኔ አይጠፋም። በአንዱ ወገን ሳህኖቹ ሳስተው ሳስተው ተቀድደዋል፤ ከኋላቸው ያለው ጡብ ተበልቶ የውጩ የብረት ልብስ ራቁቱን ቀርቷል። በሌላው ወገን ግን ሳህኑ ላይ የተቀረጸው ቁጥር ሳይቀር ይነበባል። ያን ጊዜ ሳህኑ ጥራት ያለው ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ ጡብ ባልጠፋ፣ እኛም ያን ያህል ቀን ምድጃ አቁመን ባልጠገንን። ገንዘቡ ለጋሻው ይሁን የምለው ለዚህ ነው። ጋሻው ጠንካራ ከሆነ ድንጋዩ የትም ይውደቅ።

ተቆጣጣሪዋ፦

«ጋሻው ጠንካራ ከሆነ ድንጋዩ የትም ይውደቅ።» ይህን ዓረፍተ ነገር ደጋግሜ አነበብሁት፤ በስህተት የገባ መስሎኝ ነበር።

ድንጋዩ የትም ሊወድቅ አይችልም! ይህ ምድጃ ጉድጓድ አይደለም። ከታች በ1000 እና በ1250 ዲግሪ መካከል የሚገባው ትኩስ ንፋስ ኮኩን አቃጥሎ ወደ ጋዝ ይለወጣል፤ ጋዙም በሴኮንዶች ውስጥ ወደ ላይ ይወጣል። ጭነቱ ግን ቁልቁል ለመድረስ ሰዓታት ይፈጅበታል። ጋዙ የሚመርጠው መንገድ ኮኩ የወፈረበትን ነው፤ ኮክ ትልልቅና ክፍት ስለሆነ ያሳልፋል፣ ደቃቅ ማዕድን ግን ያፍናል። እንግዲህ ድንጋዩ የወደቀበት ቦታ የጋዙ መንገድ ነው ማለት ነው። «የትም ይውደቅ» ያለ ሰው «ጋዙ የትም ይሂድ» ማለቱ ነው።

ታሪኩም የሚመሰክረው ለእኔ ነው። እ.ኤ.አ. በ1850 ጆርጅ ፓሪ በዌልስ፣ ኤብ ቬል ላይ የምድጃውን አፍ በደወል ቅርጽ ክዳን ሲዘጋ ያሰበው ጋዙን ለመያዝ ነበር። ደወሉ ግን ጭነቱን ወደ ግድግዳው እየወረወረ፣ ደቃቁን ዳር እያስቀረ፣ ትልልቁን ወደ መሐል እያንከባለለ አዲስ ችግር አመጣ። ያን ለማረም የተሠራውም ተንቀሳቃሽ ጋሻ ነው። ልብ ይበሉ፤ የእርስዎ ወገን የሚመካበት ጋሻ ምርጥ ዓይነቱ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ እየተገፋ ጭነቱን የሚመራው ነው። ዱላ ከመቻሉ ይልቅ መሪ መሆኑ ነው የጠቀመን። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1972 ጀርመን ውስጥ ሐምቦርን ላይ ደወል የሌለው አፍ ተተከለ፤ በደቂቃ 8 ጊዜ ያህል የሚዞር፣ ማዘንበያው በዲግሪ የሚለወጥ አሸንዳ። ከዚያ ወዲህ ድንጋዩ የት እንደሚያርፍ የምንወስነው እኛ ነን።

የነገሩን ታሪክ ደግሞ ራሱ ይመስክር። አንዱ ወገን ተቀድዶ ሌላው ላይ ቁጥሩ ከተነበበ ሳህኑ ምን አጠፋ? ሳህኑ ዙሪያውን አንድ ዓይነት ነበር። አንድ ወገን ብቻ የሚበላው ጭነቱ ከመሐል ሸሽቶ ሲፈስ ነው፤ ሁለት ጎን ለጎን የቆሙ ጎተራዎች ባሉት አፍ ላይ ይህ የታወቀ ጣጣ ነው። ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ይባላል። እርስዎ ሥሩን አይተው ቅርንጫፉን ጠገኑ።

ጠጋኙ፦

እኅቴ፣ ቃሌን ከቦታው ነቅለሽ ብቻውን አቆምሽው። የትም ይውደቅ ያልሁት ለግድግዳው ነው እንጂ ለጋዙ አይደለም። ጋዝ በየት እንደሚወጣ አንቺ ከመወለድሽ በፊት በፊቴ ቆዳ ላይ ተምሬዋለሁ።

ጋዙን ካነሣሽው ግን እስከ መጨረሻው እንሂድበት። ጭነቱን ከግድግዳው አራቅሁት፣ ግድግዳውን አዳንሁት ትያለሽ። ማዕድኑን ከዳር ስታነሺው ዳሩን ለማን ሰጠሽው? ለኮክና ለክፍተት። ጋዙ ደግሞ አንቺ ራስሽ እንደጻፍሽው ክፍቱን ይከተላል። ስለዚህ ድንጋዩን አርቀሽ እሳቱን ጠራሽው። ካርቦን ሞኖክሳይድ በ450 እና በ650 ዲግሪ መካከል ጡብ ውስጥ ሲሰርግ፣ ጡቡ ውስጥ የብረት ቅንጣት ካለ እዚያው ላይ ተበታትኖ ጥላሸት ይጥላል። ጥላሸቱ ያብጣል፣ ጡቡን ከውስጥ ይሰነጥቀዋል። ዚንክና አልካሊም ይጨመሩበታል። እንዲህ የሞተ ጡብ በእጄ ፈርክሼ አይቻለሁ። አንድም ድንጋይ አልነካውም ነበር።

አሸንዳሽ ራሱስ አይበላም? በላዩ የሚያልፈው ያው ሲንተር ነው። ውስጡ ሲቀደድ ጭነቱ በቀዳዳው ሾልኮ ያላሰብሽው ቦታ ይወርዳል። ማዘንበያው ሲነክስ ወይም መዞሩ ሲቆም ደግሞ ያ ሁሉ ቶን አንድ ቦታ ላይ ይከመራል። በዚያ ሰዓት ግድግዳውን የሚያድነው ምንድን ነው? ስሌት ነው?

አንድ ጥያቄ ልጨምር። የጭነቱ ደረጃ፣ ማለትም የክምሩ ወለል ከላይ ሲለካ ያለው ጥልቀት፣ ከ1 ሜትር ተኩል ወደ 3 እና 4 ሜትር ሲወርድ ንፋሱን ሳይቀንስ የሚነዳው ማን ነው? ጠጋኙ አይደለም።

ተቆጣጣሪዋ፦

በመጀመሪያ፣ እኔ ከመጀመሪያው ጀምሮ «እርስዎ» ብዬ ጻፍሁ። «አንቺ» እና «ከመወለድሽ በፊት» የሚለው አጻጻፍ ለክርክሩ ምንም አይጨምርም። በዕድሜ ይበልጡኛል፣ አከብርዎታለሁ። በዚህ ገጽ ላይ ግን የቆምነው እኩል ነው።

አሁን ወደ ቃልዎ። «ለግድግዳው ነው ያልሁት» አሉ። ለግድግዳውም ቢሆን ስህተት ነው። ጋሻው የሚሸፍነው የጉሮሮውን ጥቂት ሜትር ብቻ ነው። ከእርሱ በታች ያለው ሰፊ አካል ጋሻ የለውም፤ እዚያ ግድግዳውን የሚያሸው የሚወርደው ጭነት ነው፣ የሚያሞቀውም ጋዙ ነው። ድንጋዩ ከላይ «የትም» ከወደቀ ሆዱ ታች ይከፍላል። በሆዱ ግድግዳ ላይ የተገጠሙትን የመዳብ ማቀዝቀዣ ሰሌዳዎች ይመልከቱ። መዳብ ሙቀት በማስተላለፍ ቀልጦ በቅርጽ ከፈሰሰ ብረት በብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ ለስላሳ ነው፣ 1085 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል። ሲኖር የሚኖረው ራሱ ላይ በሚያረጋው ቅርፊት ነው። ጋዙ ዳር ዳር ሲሮጥ ቅርፊቱ ይረግፋል፤ ያን ጊዜ ራቁቱን ከኮክ ጋር ይተሻሻል። ስንቱ የመዳብ ሰሌዳ ከታሰበለት ዕድሜ በፊት የሳሳው በዚህ ነው። ላይ የሚገጥሙት ሳህን ለዚህ ምን ያደርጋል? «የትም ይውደቅ»ን ለመዳቡ ይንገሩት።

ማዕድኑን ከዳር አንሡ አላልሁም። ዳር ላይ ልኩን ያህል ማዕድን ይቀመጥ ነው የምለው። ከበዛ ግድግዳው ይቀዘቅዝና የማይፈለግ ክምር ይጣበቅበታል፤ ክምሩ ተገንጥሎ ሲወርድ የምድጃውን ታች ያቀዘቅዛል። ካነሰ እርስዎ የጻፉት ይመጣል። በሁለቱ መካከል ያለችው መንገድ ጠባብ ናት፤ የምትጠበቀውም በአሸንዳው ማዘንበያ፣ በጥራቱ በተጣራ ኮክና በየዕለቱ በሚታይ የግድግዳ ሙቀት ነው።

ደረጃው ሲወርድ የሚሆነውን ግን ትክክል አነሡ። ጭነቱ ከአሸንዳው አፍ ሲወጣ ወደ ውጭ እየሄደ ነው የሚወድቀው። ደረጃው በቦታው ካለ ግድግዳው ጋ ሳይደርስ ክምሩ ላይ ያርፋል። ደረጃው ሲወርድ ግን የሚወድቅበት ርቀት ይረዝማል፣ ወደ ዳር ይገፋል፣ ክምሩን ሳያገኝ ግድግዳውን ያገኛል። በያኔው ጊዜ የውጩን ማዘንበያ፣ ጭነቱን ወደ ዳር የሚወረውረውን፣ መጠቀም ግድግዳውን እያነጣጠሩ መምታት ነው። ይህ የአጫጫን ጉዳይ ነው። የእኔን ነጥብ እየጻፉልኝ ነው።

ጠጋኙ፦

«አንቺ» ላልሁት ይቅርታ እጠይቃለሁ። ልጅ ያልሁ መስሎ ከተሰማዎት አላሰብሁትም። በእኔ በኩል ግን «ሥሩን አይተው ቅርንጫፉን ጠገኑ» የሚለው እንዳቆሰለኝ ይወቁት። እዚያ ምድጃ ውስጥ የገባሁት መሣሪያ ይዤ እንጂ መዝገብ ይዤ አልነበረም። ያኔ ጭነቱ ለምን ወደ አንድ ወገን እንዳደላ መጠየቅ የእኔ ሥራ አልነበረም። የጠየቀም አልነበረም። መልሰን ያንኑ ሳህን ገጠምን፣ ምድጃው ተለኮሰ።

የአሸንዳውን ጥያቄ ዘለሉት። እደግመዋለሁ፤ ማዘንበያው ሲነክስ ግድግዳውን ማን ይጠብቀዋል?

የወጣልኝን ቃል በተመለከተ፣ የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይባላል። አልክደውም። ግን አሁን ልክ እሰጠዋለሁ፤ አሸንዳው በነከሰበት ሌሊት፣ ደረጃው በወረደበት ሰዓት፣ ማጓጓዣው ተበጥሶ ምድጃው በተራበበት ጊዜ ድንጋዩ የትም ይወድቃል። ለእነዚያ ሰዓታት ነው ጋሻ የምፈልገው። ለእርስዎ መልካም ቀናት አይደለም።

ጋሻ ስል ደግሞ የድሮውን ለጥ ያለ ሳህን ማለቴ አይደለም። ሳህኑ እርከን ይኑረው። እርከኑ ላይ ድንጋይ ይቀመጥና የሚወርደውን ድንጋይ ድንጋይ ይቀበለው። በአሸንዳው ውስጥ ይህ ዘዴ ሲሠራበት ኖሯል፤ ብረት ሳይሆን ድንጋይ ነው የሚፋቀው፣ ያለቀውንም ቀጣዩ ጭነት ይተካዋል። ለጉሮሮ የጠየቅሁት ይህን ነው። እስካሁን ማንም አልሰማኝም።

ተቆጣጣሪዋ፦

የእርከኑን ነገር መጀመሪያ ላይ ቢጽፉት ኖሮ ግማሹን አልጽፍም ነበር። እርከኑ ግን ከግድግዳው ይወጣል፤ የጭነቱን ወለል ዳር ላይ ይለውጠዋል፣ እኔም የማዘንበያውን ቅደም ተከተል እንደገና ማስላት አለብኝ። ራዳር የክምሩን ገጽታ ካላሳየኝ ይህን በግምት አልሠራውም። ስለዚህ ያ ሳህን ያለ እኔ ወገን መሣሪያ አይገጠም።

አንድ ነገር ግን አሁንም አልተውም። «የጠየቀም አልነበረም» አሉ። መጀመሪያ ላይ የጻፉት ሳህኑ ጥሩ ቢሆን ኖሮ ጡቡ አይጠፋም ነበር የሚል ነው። አሁን ደግሞ ጭነቱ ወደ አንድ ወገን ማድላቱን ያውቁ እንደነበር ነግረውናል። አውቀው ያንኑ ሳህን መልሰው ገጠሙ።

ጠጋኙ፦

አላውቅም ነበር። ሲቀደድ ያየሁትን ወገን ብቻ ነው የማውቀው። ይህን አንድ ጊዜ ጻፍሁት፣ ሁለተኛ ጻፍሁት፤ ከዚህ በላይ አልጽፈውም።

ጥያቄው ከእንግዲህ ስለ ሳህን አይደለም። ደረጃው 2 ሜትር ሲያልፍ የውጩ ማዘንበያ ይዘጋል ወይስ አይዘጋም? 3 ሜትር ሲደርስ ንፋሱ ይቀነሳል ወይስ አይቀነስም? ምርት እየጠፋ ነው ሲባል ስልክ ይደወላል፣ መቆጣጠሪያ ክፍሉም ይነዳል። ስንት ጊዜ እንደሆነ ግድግዳው ያውቃል። ንፋሱን እቀንሳለሁ ብሎ ስሙን የሚጽፍ ሰው ካለ፣ ጋሻውን አንድ ማቆሚያ ለማዘግየት እስማማለሁ።

ተቆጣጣሪዋ፦

2 ሜትር ላይ የውጩን ማዘንበያ እዘጋለሁ፤ ይህ በእጄ ነው፣ በፕሮግራሙ ውስጥ ማስገባት የአንድ ቀን ሥራ ነው። ንፋሱን መቀነስ በእጄ ብቻ አይደለም፤ የፈረቃ አለቃው መፈረም አለበት። እኔ በበኩሌ እፈርማለሁ። ደረጃው ስንት ሰዓት በስንት ሜትር እንደቆየም በየፈረቃው ተመዝግቦ ይላክልዎት፤ በሚቀጥለው ማቆሚያ ሲገቡ ግድግዳውን ከመዝገቡ ጋር አስተያይተው ያንብቡት።

የተቀደደውን ወገን ሲጠግኑ ግን ሳህኑን ከመክፈትዎ በፊት ይጥሩኝ። ጎተራውን አብረን እንለካለን።