ዋሽንግተን ግባና ደውል

የአክስቴ ልጅ ኒው ጀርሲ ቤት ገዛ። ቤቱ ሳይመረቅ ልጅ ተወለደለት። ስለዚህ ምርቃቱም ክርስትናውም ባንድ ቀን ሆነ። «አድራሻውን ላክልኝ» ብዬ ጻፍኩለት። መልሱ በድምፅ መጣ።

«ምን አድራሻ ያስፈልግሃል? ዋሽንግተን ታውንሺፕ ግባና ደውልልኝ።»

«ሎኬሽን ብትልክልኝስ?»

«ሐበሻ ለሐበሻ ሎኬሽን ይልካል እንዴ? ስትደርስ ደውል አልኩህ እኮ!»

ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ። ግን ያደግኩበት አድራሻ ይኸው ነው። መገናኛ ስትወርድ ደውል። ሳር ቤት ስትደርስ ደውል። ደውለህ «ምን ይታይሃል?» ትባላለህ፤ የሚታይህን ትናገራለህ፤ አንድ ልጅ ሮጦ መጥቶ ይወስድሃል። በዚህ ዘዴ ጠፍቶ የቀረ እንግዳ አላውቅም።

ባለቤቴ ቅዳሜ ሥራ ገቢ ስለሆነች ብቻዬን ተነሳሁ። ብቻዬን ስል ከድፎ ዳቦው ጋር ማለቴ ነው። ሌሊቱን ሲጋገር ያደረ ድፎ ነው። ኮባ እዚህ ከየት ይመጣል? ከእስያውያን ሱቅ በረዶ የሆነ የሙዝ ቅጠል ገዝታ፣ አቅልጣ፣ አጥባ፣ ትሪው ላይ ደርድራ ጋገረችው። ጠዋት ገና ትኩስ እያለ በነጠላ ጠቀለለችና የኋላ ወንበር ላይ አስቀመጠችው። ቀበቶም አሰረችለት። እኔን «ቀበቶህን እሰር» ያለኝ ሰው የለም።

ከምኖርባት፣ ዋሽንግተን ዲሲ ጥግ ካለችው ሲልቨር ስፕሪንግ ልወጣ ስል ስልኬ ላይ «ዋሽንግተን ታውንሺፕ፣ ኒው ጀርሲ» ብዬ ጻፍኩ። አንድ ቦታ ይመጣል ስል ተሰልፈው መጡ። አንደኛው ሁለት ሰዓት ከሩብ ያስነዳል፤ ሌላኛው አራት ሰዓት። ጤነኛ ሰው የቱን ይመርጣል? የሁለት ሰዓት ከሩቡን ነካሁና ነዳሁ።

ደረስኩ። ማደያ ገብቼ ደወልኩ።

«ደርሻለሁ።»

«እሰይ! የት ጋ ነህ?»

«ዋሽንግተን ታውንሺፕ።»

«እሱማ እኔም አለሁበት። ምን ይታይሃል?»

«ማደያ ውስጥ ነኝ። ከማዶ ፒዛ ቤት አለ።»

«ኒው ጀርሲ ውስጥ ፒዛ ቤት የሌለበት የት አለና ነው? ቆይ፣ ወጥቼ እጄን ላውለብልብልህ።»

ወጣ። በስልኩ ውስጥ የበሩ ድምፅ ይሰማኛል። «ነጭ በነጭ ለብሻለሁ፤ አታየኝም?» ይለኛል። እኔም ከመኪናዬ ወርጄ አንገቴን እያሰገግሁ ግራ ቀኝ አያለሁ። ነጠላ ለብሶ የሚያውለበልብ ሰው የለም። «ከፍ አድርገህ አውለብልብ!» እለዋለሁ። «ከዚህ በላይ ልብረር እንዴ?» ይለኛል። አሥር ደቂቃ ያህል እንዲህ ቆየን። ለካ በመካከላችን የሁለት ሰዓት መንገድ አለ። ጎረቤቶቹ ግን አዲሱ ሰውዬ እንዴት ያለ ተግባቢ ነው ብለው ከየበራቸው መልሰው ሲያውለበልቡለት ነበር አሉ።

ያዳነኝ የማደያው ሠራተኛ ነው። ኒው ጀርሲ ውስጥ ባለ መኪና ቤንዚን ራሱ እንዳይቀዳ በሕግ ከተከለከለ ከ1949 ጀምሮ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ቁጠሩልኝ)። ሌላው ግዛት በሕጉ ይስቅበታል። እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ አልስቅም። ማደያው ውስጥ የሚጠየቅ ሰው ያለው በዚህ ሕግ ነውና። «ዋሽንግተን ታውንሺፕ ይህ አይደለም ወይ?» አልኩት። ቤንዚኑን ሰክቶ ዞር አለና፣ ስንቱን እንደኔ ያለ እንዳየ በሚያሳብቅ ድምፅ «የትኛው?» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታውንሺፕ ከካውንቲ ሥር ያለ አነስተኛ አስተዳደር ነው። ካውንቲውን ዞን ካልነው ታውንሺፑ ወረዳ ቢሆን ነው። ኒው ጀርሲ ደግሞ ከአሜሪካ ትናንሽ ግዛቶች አንዷ ናት። በዚያች እፍኝ በምታክል ግዛት ውስጥ ዋሽንግተን ታውንሺፕ የሚባል አምስት ቦታ አለ። እኔ የቆምኩት በደቡብ፣ ፊላደልፊያ አጠገብ፣ ግሎስተር ካውንቲ ነው። የአክስቴ ልጅ የሚያውለበልበው በሰሜን፣ ኒው ዮርክ አፍንጫ ሥር፣ በርገን ካውንቲ ነው። ሦስቱ ቀሪዎች በርሊንግተን፣ ሞሪስና ዋረን ካውንቲ ናቸው። ስድስተኛም ነበር፣ መርሰር ካውንቲ ውስጥ። እነሱ መምታታቱ ሲመራቸው ከ2008 ጀምሮ ስማቸውን ሮቢንስቪል አሉና ተገላገሉ። አምስቱ ግን አንለቅም ብለዋል። አንተ ቀይር፣ አንተ ቀይር ሲባባሉ ይታየኛል። የዕድር ዳኛ ቢገባበት ኖሮ ድሮ ያልቅ ነበር።

የዋረኑማ ይብሳል። በዋሽንግተን ታውንሺፕ መሃል ዋሽንግተን የሚባል ሌላ ራሱን የቻለ ከተማ አለ። ታውንሺፑ ዙሪያውን ከቦታል። ፈረንጆቹ ይህን ከዶናት ጋር ያመሳስሉታል። ለኛ የሚቀርበው ትሪ ነው፤ ዙሪያውን እንጀራ፣ መሃሉ ላይ ወጥ። ወጡም ዋሽንግተን፣ እንጀራውም ዋሽንግተን።

ሰውዬው ይገባዋል፣ አልቃወምም። ጆርጅ ዋሽንግተን በ1776 የገና ሌሊት ደላዌር ወንዝን በጀልባ ተሻግሮ ትሬንተን ላይ ጠላቱን ድባቅ የመታው እዚሁ ኒው ጀርሲ ውስጥ ነው። ግን ለአንድ ሌሊት ስድስት ታውንሺፕ? ኦሃዮማ ከ40 በላይ ዋሽንግተን ታውንሺፕ አላት። ኢንዲያናም እንደዚያው። ካውንቲው ይለያያል እንጂ ስሙ ያው ነው። ዋሽንግተን ያልደረሰው ጃክሰን ይባላል፤ ጃክሰን ያልደረሰው ፍራንክሊን፤ ከዚያ ያመለጠው ዩኒየን። ሠርግ ቤት ገብተህ «አበበ!» ብትል ግማሹ አዳራሽ ይዞራል አይደል? ኦሃዮ እንደዚያ ናት።

ተርንፓይክ በሚሉት የክፍያ አውራ ጎዳና ወደ ሰሜን እየነዳሁ፣ ድፎው ከኋላ መኪናውን በጥቁር አዝሙድ ሽታ እየሞላው፣ ይህን ነገር አሰላሰልኩት። መነሻው የመሬት ሽንሸና ይመስለኛል። በ1785 የወጣው የመሬት ድንጋጌ ከኦሃዮ ወንዝ ወዲያ ያለውን አገር በገመድ አስለክቶ አስቆረጠው። አንዱ ቁራጭ ስድስት ማይል በስድስት ማይል፤ ስሙም ታውንሺፕ። እሱ ደግሞ እንደገና 36 ቦታ ይቆረጣል፤ እያንዳንዱ 640 ኤከር። አሥራ ስድስተኛው ቁራሽ ለትምህርት ቤት ተብሎ ይቀመጣል። ከዚህ በላይ የሚያምር የዳቦ አቆራረስ አላየሁም፤ ለቄሱ ድርሻ እንደማስቀመጥ ነው። ቀያሾቹ ለቁራጮቹ የሰጧቸው ቁጥር ነበር። ረድፍ ይህን ያህል፣ ተራ ይህን ያህል። አሰልቺ ነው፣ ግን አይምታታም። ከዚያ ሰው ሰፈረ። ሰው ደግሞ በቁጥር መጠራት አይወድም፤ ስም አምጡ ተባለ። አስቡት፤ እርሻ ያልታረሰበት፣ ቤት ያልተሠራበት መሬት ላይ ቆመው ስም ሲጠየቁ። ደክሟቸዋል። አንዱ እጁን አውጥቶ «ዋሽንግተን» አለ። ማን ይቃወማል? ጎረቤት ካውንቲ ያሉትም በዚያው ሳምንት እንዲሁ እንዳሉ በምን ያውቃሉ? ያኔ ደውሎ መጠየቅ የለ።

ከሁሉም ያሳቀኝ ግን ትልቁ ነው። በ1853 በምዕራብ አዲስ ግዛት ሲመሠረት የቀረበው ስም ኮሎምቢያ ነበር። ኮንግረሱ ተሰብስቦ «አይሆንም፤ ከዲስትሪክት ኦፍ ኮሎምቢያ ጋር ይምታታል» አለ፤ ዲሲ የምንላት፣ ዋና ከተማዋ ዋሽንግተን ማለት ናት። ጥሩ። ታዲያ እንዳይምታታ ብለው ምን አሉት? ዋሽንግተን! የዚህን ዕዳ እየከፈልን ያለነው እኛ ነን። በዚያ ግዛት፣ ሲያትል ያለውም ሐበሻ «ዋሽንግተን ነኝ» ይላል፤ ዲሲ ያለውም «ዋሽንግተን ነኝ» ይላል። እናቴ ከአዲስ አበባ ደውላ «የጎረቤታችን ልጅ እዚያው ዋሽንግተን ናት፤ አንድ ቀን ቡና አጥተህ ነው የማትጠይቃት?» ትለኛለች። «እማዬ፣ እሷ ያለችው ሲያትል ነው፤ በአውሮፕላን አምስት ስድስት ሰዓት ነው» እላታለሁ። ዝም ትላለች። ከዚያ «ሰው ላለመጠየቅ ምክንያት አይጠፋም» ትለኛለች።

ፖስታ ቤት አንድ ጊዜ ሊገራቸው ሞክሮ ነበር። በአንድ ግዛት ውስጥ ሁለት ፖስታ ቤት ባንድ ስም አይጠራም ብሎ ከለከለ። ሚዙሪ ውስጥ ያሉ የአንዲት መንደር ሰዎች ስም ቢልኩ ተይዟል፣ ቢልኩ ተይዟል ተባሉ አሉ። በመጨረሻ «እንግዳ የሆነ ስም እስከሆነ ድረስ የፈለጋችሁትን ስጡን» ብለው ጻፉ። ከተማዋ እስከ ዛሬ ፒኪውሊየር ትባላለች፤ «እንግዳ ነገር» እንደማለት ነው። የኦሪገኗ ፖርትላንድ ደግሞ በ1845 በሳንቲም ዕጣ የወጣች ናት። አንዱ መሥራች ከሜይን ግዛቷ ፖርትላንድ የመጣ ነው፣ ሌላው ከቦስተን አካባቢ። ሳንቲም ወረወሩ። በሌላ ጎኑ ቢወድቅ ኖሮ ዛሬ ሁለት ቦስተን ነበረን። አዲስ ስም እናውጣ የሚል ሦስተኛ ሰው ግን አልነበረም።

ካናዳም ብትሆን አልተረፈችም። ኖቫ ስኮሺያ ውስጥ ሲድኒ የሚባል ከተማ አላት። በ2002 ሁለት እንግሊዛውያን ወጣቶች፣ በ2017 ደግሞ አንድ የኔዘርላንድ ተማሪ አውስትራሊያ እንሄዳለን ብለው እዚያ ወርደዋል። ተማሪው ርካሽ ትኬት አገኘሁ ብሎ ነው። ስስ ጃኬቱን ለብሶ በረዶ ውስጥ ዱብ። ዜናውን ያኔ ሳነብ ስቄበታለሁ። ይቅር ይበለኝ።

ደግሞ ለፍርድ አልቸኩልም። እኛም ፒያሳ አዲስ አበባ አለን፣ ጎንደር አለን፣ ሐዋሳ አለን። ብቻ እኛ ላይና ታች ብለን እንለያለን፤ ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንት። ፔንሲልቬኒያ ውስጥ እንደኛ ያሰቡ አሉ፤ ላይኛው ናዝሬት እና ታችኛው ናዝሬት የሚባሉ ታውንሺፖች ጎን ለጎን ናቸው። ቤተልሔምም እዚያው ቅርብ ናት። ሞራቪያውያን ምዕመናን ናቸው ከ1740 ጀምሮ የቆረቆሯቸው። የናዝሬት ልጅ የሆነ ጓደኛዬ፣ አዳማ በሉኝ ቢባልም አሻፈረኝ ያለ ሰውዬ፣ መኪናውን ከምልክቱ ሥር አቁሞ ፎቶ ተነሥቶ «አገሬ ገባሁ» ብሎ ለጥፎ ዘመድ አዝማድ ቦሌ ሊቀበለው ነበር።

የኒው ጀርሲ ሰዎችም ለራሳቸው መላ አላቸው። የሞሪሱን ሎንግ ቫሊ ይሉታል፤ የግሎስተሩን ሲዌል ወይ ተርነርስቪል። የበርገኑን ፖስታ ቤቱ ገልብጦ «ታውንሺፕ ኦፍ ዋሽንግተን» ይለዋል። ሙሉ ስሙን ወረቀት ላይ ያስቀምጡትና የሰፈር ስሙን ይጠሩታል ማለት ነው። የመጣ እንግዳ ብቻ ነው ወረቀቱን የሚያምነው።

ስደርስ መሽቷል። የአክስቴ ልጅ ነጭ በነጭ እንደለበሰ በሩ ላይ ቆሟል፤ አሁን ግን አያውለበልብም። አክስቴ ለአራስ ጥየቃ ከአገር ቤት መጥታለች። ስማኝ ስማኝ አገላብጣ፣

«ምነው ልጄ፣ እስካሁን ከየት ነው የምትመጣው?» አለች።

«ከዋሽንግተን።»

«እሱንማ አውቃለሁ፣ ጠዋት ነው የወጣኸው አሉኝ እኮ።»

«አይ እትዬ፣ ከሌላው ዋሽንግተን።»

መልስ ሳትሰጠኝ ነጠላውን ገለጠች። ከድፎው ጠርዝ ላይ አንድ ደህና ጉርሻ የሚወጣው ተቆርሷል።

«ድፎ ተቆርሶ ይመጣል እንዴ?»

«ለማደያው ልጅ ነው» አልኳት። «መንገድ ያሳየኝ።»

ይህን ጊዜ የአክስቴ ልጅ ስልክ ጮኸ። ሌላ እንግዳ ነው። «ደረስክ? እሰይ! ምን ይታይሃል?» እያለ ነጠላውን አስተካክሎ ወደ በሩ መራመድ ጀመረ። ሮጬ ስልኩን ነጠቅኩት።

«ወንድሜ፣ አጠገብህ ሰው አለ?»

«አለ፣ አንድ ውሻ የሚያንሸራሽር ፈረንጅ።»

«ዋሽንግተን ታውንሺፕ የትኛው ነው በለው።»

ስልኩ ውስጥ ሲጠይቅ ሰማሁ። ከዚያ ሰውዬው ረጅም ሳቅ ሳቀ።