ድንጋዩን ማን አወረደላቸው?

ባለፈው የካቲት 12 ስድስት ኪሎ ነበርኩ። ከዊኒፔግ፣ ካናዳ ቤተሰብ ልጠይቅ መጥቼ ነው። ሐውልቱ ዙሪያ አባት አርበኞች ጎፈራቸውን ደፍተው፣ ሜዳሊያቸውን ደርድረው ቆመዋል። አበባ ተቀመጠ፤ ጸሎት ተደረገ። ከዚያ ሰው ሁሉ ወደየጉዳዩ ተበተነ። ረዳቶቹም "ሽሮ ሜዳ! ሽሮ ሜዳ!" ማለታቸውን ቀጠሉ።

የአክስቴ ቤት ከሐውልቱ ብዙም አይርቅም። ቡና እየቆላች ስልኬ ላይ የልጄን ፎቶ አየች። ብርቱካናማ ቲሸርት ለብሷል።

"የምን ዩኒፎርም ነው?" አለችኝ።

ዩኒፎርም አይደለም። በየዓመቱ በእኛ መስከረም 20፣ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 30፣ ካናዳ ውስጥ ብዙ ሰው ብርቱካናማ ይለብሳል። ነገሩ የመጣው ፊሊስ ዌብስታድ ከምትባል ሴት ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 የ6 ዓመት ልጅ ሳለች አያቷ አዲስ ብርቱካናማ ሸሚዝ ገዝተውላት አዳሪ ትምህርት ቤት ገባች። በገባችበት ቀን ልብሷን ገፈፏት። ሸሚዙ አልተመለሰላትም።

ካናዳ ከመቶ ዓመት በላይ የነባር ሕዝቦችን ልጆች ከወላጆቻቸው እየነጠለች እንዲህ ባሉ ትምህርት ቤቶች አስገብታለች። ወደ 150,000 ልጆች አልፈውበታል። በቋንቋቸው ሲያወሩ ይቀጡ ነበር። በሺዎች የሚቆጠሩት ወደ ቤታቸው ሳይመለሱ እዚያው ሞተዋል። የመጨረሻዎቹ የተዘጉት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ነው። ያኔ እኔ እዚሁ አዲስ አበባ "ሀሁ" እቆጥር ነበር። የሩቅ ዘመን ታሪክ አይደለም።

እ.ኤ.አ. ጁን 11 ቀን 2008 ጠቅላይ ሚኒስትር ስቲቨን ሃርፐር ፓርላማ ውስጥ ቆሞ ይቅርታ ጠየቀ። ከተጋበዙት መካከል የነባር ሕዝቦች መሪ የነበረው ፊል ፎንቴን የላባ ዘውዱን ደፍቶ ተቀምጧል። እሱም ልጅ ሆኖ እንዲህ ባለ ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው ነው።

ይህን ሁሉ ነገርኳት። አክስቴ ምጣዱን አወረደች። "ማን ሸመገላቸው?" አለችኝ። "ድንጋይስ ተሸክመዋል? ድንጋዩን ማን አወረደላቸው?"

ለማያውቅ ልንገር። በብዙ የአገራችን አካባቢ በዳይ ሽማግሌ አስቀድሞ፣ ድንጋይ ተሸክሞ በተበዳዩ ፊት ይቀርባል። ጥፋቱን ይናገራል። "አውርድ" የሚለው ተበዳዩ ነው። በዳይ ከብዶኛል ብሎ በራሱ ጊዜ አያወርድም። ከዚያ ደግሞ ካሳው አለ።

ጥያቄዋ እስከ ዛሬ ከጭንቅላቴ አልወጣም። እኛ ዊኒፔግ ያለን አበሾች ስንሰባሰብ ይህ ወሬ ይነሳል። "አያቶቻቸው ለሠሩት የዛሬዎቹ ምን ዕዳ አለባቸው? እኛማ ትናንት የመጣን ነን፤ ምን አገባን?" ይባላል። እኔም እንደዚያ እል ነበር። ሐሳቤን ያስቀየረኝ የቧንቧ ውሃ ነው።

ዊኒፔግ ቡና የማፈላበት ውሃ ወደ 150 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ከሾል ሌክ ሐይቅ ይመጣል። ከተማው እ.ኤ.አ. ከ1919 ጀምሮ ይጠጣዋል። ሐይቁ ዳር ሾል ሌክ 40 የሚባል የነባር ሕዝብ መንደር አለ። መስመሩ ሲሠራ መሬታቸው ተወሰደ። በተቆፈረው ቦይ ምክንያት መንደራቸው ደሴት ሆኖ ቀረ። የራሳቸው ውሃ ደግሞ ሳይጣራ ስለማይጠጣ ከ1997 እስከ 2021 ድረስ፣ 24 ዓመት ሙሉ፣ አፍልተው ጠጡ፤ ካልሆነም በጠርሙስ እየመጣላቸው ኖሩ። መንገድ የተሠራላቸው በ2019 ነው። እኔ ቧንቧ ከፍቼ ጀበና ስሞላ እነሱ በዚያው ሐይቅ ዳር የሚጠጣ ውሃ አልነበራቸውም። እንግዲህ ምን አገባኝ ልበል?

ዜግነት ስወስድ የማልኩት መሐላም አለ። እ.ኤ.አ. ከ2021 ወዲህ የነባር ሕዝቦችን መብትና ውል ማክበር በመሐላው ውስጥ ገብቷል። እጄን አንስቼ ምያለሁ። የአገሩን ፓስፖርት ከያዝኩ ዕዳውም ይመለከተኛል።

ስለዚህ አገር ይቅርታ መጠየቅ አለበት ባይ ነኝ። ግን እንዴት? አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2009 ለነባር ሕዝቦቿ የጻፈችው የይቅርታ ቃል በመከላከያ በጀት ሕግ ውስጥ ተሸጉጦ ነው የወጣው። ተበዳይ ፊት የተነገረ አይደለም። ፕሬዚዳንት ባይደን አሪዞና ድረስ ሄዶ ስለ አዳሪ ትምህርት ቤቶቹ ይቅርታ የጠየቀው በ2024 ነው። ካናዳም ብትሆን ድንጋዩን ቶሎ ለማውረድ ቸኩላለች። ከይቅርታው በኋላ የሰብዓዊ መብት ዳኞች የነባር ሕዝብ ልጆች በደኅንነት አገልግሎት አድልዎ ተፈጽሞባቸዋል ብለው ካሳ ሲያዙ፣ መንግሥት ፍርድ ቤት ሄዶ ተከራከረ። ከ23 ቢሊዮን ዶላር በላይ የሆነው ስምምነት የጸደቀው በ2023 ነው።

የእኛ ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው። ከጣሊያን ካሳው መጣ፤ የቆቃ ግድብ የተሠራበት ገንዘብ ነው። ስድስት ኪሎ ላይ ለወደቁት ግን፣ በእኛ በኩል 30,000 ለምንላቸው፣ ፓርላማቸው ልጆቻቸውን ጠርቶ "በድለናችኋል" ያለበትን ቀን አላየንም። ግራዚያኒ እ.ኤ.አ. በ1950 አገሩ ውስጥ 19 ዓመት ተፈረደበት፤ ከናዚ ጋር ስለተባበረ እንጂ ስለ አዲስ አበባ አይደለም። ከፍርዱ በኋላ በወራት ውስጥ ተፈታ። እ.ኤ.አ. በ2012 በተቀበረባት የአፊሌ ከተማ በሕዝብ ገንዘብ መታሰቢያ ቆመለት። ይህን ስነግራት አክስቴ አማተበች። አባቷ በእነዚያ ሦስት ቀናት ወንድሙን ያጣ ሰው ነው።

ወሬው እዚያ ያበቃል ብዬ ነበር። አክስቴ ግን ጀበናውን ረከቦቱ ላይ አስቀምጣ ዝም ብላ አየችው።

"ልጅ ሆነን ጀበና የምናመጣው ከቀጨኔ፣ ከአንዲት ሴትዮ ነበር" አለች። "'ቡዳ ናት' ይሉን ነበር። ገንዘቡን እጇ ላይ አናስቀምጥም፤ መሬት ላይ ነው የምንጥልላት። ጎንበስ ብላ ታነሳዋለች።"

ምን እንደምላት ጠፋኝ። ሸክላ ሠሪው፣ ቀጥቃጩ፣ ሸማኔው በዚህ አገር ስንት ዘመን ተሰድቧል። በብዙ ቦታ ርስት ተከልክሏል። በሠራው እንበላለን፣ እንለብሳለን፤ ከእሱ ጋር ግን አንጋባም። ለዚህ በመንግሥት ስም ቆሞ ይቅርታ የጠየቀ ሰው እኔ አልሰማሁም።

"የካናዳው ሰውዬ፣" አለችኝ ቆይታ፣ "ስማቸውን ጠርቷል?"

"የሕዝቦቹን ስም ጠርቷል። በራሳቸው ቋንቋም ይቅርታ ብሏል። በክሪ፣ በኦጂብዌ፣ በኢኑክቲቱት።"

"ልጆቹ ሲያወሩት በተቀጡበት ቋንቋ?"

"አዎ።"

ራሷን ነቀነቀች። "እኔ ስሟን እንኳ አላውቀውም" አለች። "ሸክላ ሠሪዋ ነበር የምንላት።"