ሂተሩን ማን ነካው?

ዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ ሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ አሌክሳንድሪያ፣ ሀበሻ ቤት ስትገቡ፣ ኮሪደሩ ግድግዳ ላይ የሂተሩ መቆጣጠሪያ አለ። የቤቱ አባወራ ማን እንደሆነ ለማወቅ ሊብሬ ማየት አያስፈልግም፤ ክረምት ላይ «ማን ነካው?» ብሎ የሚጮኸው እሱ ነው።

በ1953 ሀኒዌል ያወጣው ክብ መቆጣጠሪያ ማዞር ብቻ ነበር የሚፈልገው። በአንድ በኩል ሙቀት፣ በሌላው ብርድ፣ አለቀ። ኋላ ነገሩ ፕሮግራም ይሞላለት ተባለ። ቀኑም በአራት ተከፈለ፦ መነሻ፣ መውጫ፣ መመለሻ፣ መተኛ። ሐሳቡ ክፉ አይደለም። ሰው በሌለበት ወይም በተኛበት ስምንት ሰዓት ከ7 እስከ 10 ፋራናይት ብትቀንሱ በዓመት እስከ 10 በመቶ ልታተርፉ ትችላላችሁ ይላል የአሜሪካ ኢነርጂ መሥሪያ ቤት።

ችግሩ፣ ሰው የሌለበት ሰዓት ከየት ይምጣ? አባት ሌሊቱን ኡበር ሲነዳ አድሮ ጧት ይተኛል። እናት ነርሲንግ ሆም የማታ ፈረቃ አላት። እማማ ደግሞ ከአዲስ አበባ ለስድስት ወር ብለው መጥተው ቀኑን ሙሉ ሳሎን ናቸው። መሣሪያው «ቤቱ ባዶ ነው» ብሎ 60 ላይ ሲያወርደው እማማ በጋቢ ተጠቅልለው ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ። «እኔ ሰው አይደለሁም?» ይላሉ። ይሄ በእንቅስቃሴ ሰው መኖሩን ያውቃል የሚባለው አዲሱ ዓይነትማ ባሰ፤ እሳቸው ዳዊት ሊደግሙ ከተቀመጡ መች ይንቀሳቀሱና!

አንድ ማታ የልጅ ልጃቸውን ለመኑት።

«የኔ ጌታ፣ ለጸሎት ስነሳ እንዳይበርደኝ፣ 12 ሰዓት ላይ እንዲሞቅ አድርግልኝ።»

ልጁ እዚሁ የተወለደ ነው፤ ታዛዥም ነው፤ 12 አለው። እኩለ ሌሊት ላይ ቤቱ ዳናክል ሆነ። ጧት ሲነጋ፣ በእማማ 12 ሰዓት፣ የውኃ ቧንቧው ራሱ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ደግሞ ምጣድ አለ። መቆጣጠሪያው ወጥ ቤቱ አጠገብ ከተሰቀለ፣ እንጀራ በተጋገረ ቁጥር ቤቱ ሁሉ የሞቀ ይመስለውና ሂተሩን ያጠፋል። ፎቅ ያሉት ልጆች ካፖርት ለብሰው የቤት ሥራ ይሠራሉ።

አዋቂው ደግሞ ቶሎ እንዲሞቅ ብሎ 85 ላይ ይሰቅለዋል። ቤቱ በዚያ አይፈጥንም፤ ሂተሩ የሚነፍሰው ያንኑ ነው፤ 70 ላይ መቆሙን ትቶ ዝም ብሎ ይቀጥላል እንጂ። ይሄ የኛ ሰው ጠባይ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ዊሌት ኬምፕተን የሚባል ተመራማሪ ፈረንጆቹም እንዲሁ እንደሚያስቡ በ1986 ጽፏል። ኢነርጂ ስታር የሚባለው የመንግሥት የቁጠባ ምልክትም ፕሮግራም ከሚሞላላቸው መሣሪያዎች ላይ በ2009 መጨረሻ ተነሥቷል፤ በስሌት የታየው ቁጠባ ሰው ቤት ሲገባ ጠፋ። ታዲያ ሁሉም ቤት የሚሠራው ቁልፍ አንድ ነው፦ ፕሮግራሙን አስትቶ ሙቀቱን ባለበት የሚያቆየው «ሆልድ»። እሱን ተጭኖ መገላገል ነው።

«ኢመርጀንሲ ሂት» የሚለውን የሚነካም አለ። ሂት ፓምፕ (ከውጭው አየር ሙቀት ስቦ ቤት የሚያስገባ ማሞቂያ) ባለበት ቤት ይሄ ቁልፍ ፓምፑን አቁሞ በተጠባባቂው የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ብቻ ያሞቃል፤ ቢሉ ሲመጣ ድንገተኛው አደጋ ያኔ ነው።

እኔ የማደንቀው ግን የቤዝመንት ተከራዩን ነው። አከራዩ መቆጣጠሪያውን ቀዳዳ ቀዳዳ ባለው የፕላስቲክ ሳጥን ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ከቷል። ተከራዩ ምንም አይናገርም። ወጥ ቤት ለመጠቀም ወደ ላይ ይወጣል፣ ከፍሪዘር የበርበሬ ከረጢት ያወጣል፣ ሳጥኑ ላይ ያስደግፈዋል፣ ሻዩን ቀስ ብሎ ያፈላል። መሣሪያው ቤቱ በረዶ የሆነ መስሎት ያለ የሌለ ኃይሉን ይለቀዋል። አከራዩ በካናቴራ እያላበው ባለሙያ ይጠራል። ባለሙያው ይፈትሻል፣ ምንም ችግር የለበትም ይላል፣ የመጣበትን ያስከፍላል፤ ሊወጣ ሲል ግን ቆም ብሎ፦ «ይሄ ግድግዳ ለምንድን ነው በርበሬ በርበሬ የሚሸተው?»