ማሰብ መቁጠር ነበር

አንድ ወዳጄ በቀደም «አማርኛ ለግጥምና ለሙገሳ እንጂ ለፍልስፍና አይሆንም» አለኝ። ስሜት እንጂ ስሌት የለውም ባይ ነው። ክርክሩ ሳይቋጭ ተለያየን፤ ነገሩ ግን እስካሁን ያንገበግበኛል።

እስቲ «ሐሳብ» የሚለውን ቃል እንየው። ሥሩ የግእዙ «ሐሰበ» ነው፤ ቆጠረም፣ አሰላም፣ አሰበም ማለት ነው። በዓላትና አጽዋማት የሚወጡበት ቀመር «ባሕረ ሐሳብ» የተባለው ለዚሁ ነው። አማርኛም ይህን አልረሳም። የተናቀ ሰው «እንደ ሰው አልቆጠረኝም» ብሎ ያዝናል፤ ችላ የተባለ ነገር «ከቁጥር አልገባም» ይባላል።

ባሕረ ሐሳቡ ላይ ትንሽ ልቆይ። 2018 ዓ.ም. ላይ ከክርስቶስ ልደት በፊት የሚቆጠረው 5500 ዘመን ሲደመር 7518 ይሆናል። ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል፤ አንዱ ሲቀነስ 12፣ እሱ ወንበር ይባላል፤ የቀጣዩ ስሌት መነሻ ነው። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ፣ ማለትም ሠላሳ ሠላሳው ተነሥቶ ትራፊው ሲያዝ፣ አበቅቴ የሚባለው ቁጥር 12 ይወጣል፤ በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ መጥቅዕ የሚባለው ቁጥር 18። ሁለቱን ደምሯቸው፦ 30። በየዓመቱ 30 ነው፤ ካልሞላ ስሌቱ አንድ ቦታ ስቷል። እኔን የሚደንቀኝ ይኸው ነው። አሳቢው ማንንም ሳይጠይቅ ስሕተቱን የሚይዝበት መንገድ እዚያው ሐሳቡ ውስጥ ተቀምጦለታል።

ቅኔ ቤትም ሂዱ። ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ ከጓደኞቹ ተለይቶ ዛፍ ሥር ተቀምጧል። ምን እንደሚሠራ ብትጠይቁት «ቅኔ እየቆጠርሁ ነው» ይላችኋል። ሁለት ቤት ብቻ ያላት ጉባኤ ቃና እንኳ ሰሟና ወርቋ ካልተገናኘ፣ ልኳ ካልሞላ መምህሩ አያሳልፏትም። የትናንቱን ይዞ መቅረብም የለም፤ ቅኔ አይደገምም፤ ዛሬ እንደ አዲስ ይቆጠራል።

እኛ ደግሞ በየስብሰባው «ሐሳብ አለኝ» ብለን እጅ እናወጣለን። ስንቱን ቆጥረነው ይሆን?

ፍልስፍና በዩኒቨርሲቲዎቻችን የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። ተማሪው ከግሪኮች ይጀምራል፤ ይጀምር፣ ደግ ነው። ግን አንድ ሴሚስተር እንኳ የቅኔ መምህር ተጋብዘው፣ ጥቁር ሰሌዳው ፊት ቆመው፣ አንዲት ጉባኤ ቃና ከሰሟ እስከ ወርቋ እንዴት እንደምትቆጠር ቢያሳዩት፣ ከዚያም «በል አንተም ቆጥረህ ና» ቢሉት እወዳለሁ።